ጥርሷ ያለቀ ፍየል ፍርድ ቤት ቆመች

በ2006 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኬንያ ባሪንጎ ሐይቅ ዳር የመጡ የኢልቻሙስ ማኅበረሰብ ሰዎች አንዲት ፍየል ይዘው ናይሮቢ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍየሏ ማስረጃ ነበረች። አፏን ከፍተው ሲያሳዩ ጥርስ የላትም። ሣር መንጨት፣ ቅጠል መቀንጠስ ካቃታት ቆይቷል። ሰዎቹ የከሰሱት መንግሥታቸውን ሲሆን ክሱም በመንደራቸው የማያውቁትን ዛፍ አስተክሎ ከብታቸውንና መሬታቸውን አሳጣን የሚል ነበር።

የዛፉ የሳይንስ ስም ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ነው። አፋር ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። በአዋሽ ሸለቆ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ «ወያኔ» ይሉታል። አንድ ዛፍ በሁለት ተከታታይ መንግሥታት ስም ሲጠራ፣ ሕዝቡ ከማን እጅ ተቀበልነው ብሎ እንደሚያስብ ከስሙ መረዳት ይቻላል።

የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ከመስኖ የጥጥ እርሻዎች ጋር ተያይዞ ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ተብሎ በስፋት ተተከለ። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። አገሪቱ በሁለት ድርቆች ተመትታለች፤ በረሃው እየገፋ መጣ የሚለው ስጋት በየስብሰባው ይነሳል፤ ማገዶ ጠፍቷል። በዚህ መሐል ዝናብ የማይጠይቅ፣ ጨው ያለበትን አፈር የሚችል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልም፣ ጥላው ለሰው፣ ፍሬው ለከብት፣ እንጨቱ ለምድጃ የሚሆን ዛፍ ሲገኝ ማን እምቢ ይላል? የተባለለትን ሁሉ አድርጓል። በቅሏል፣ ነፋስ አግዷል፣ ከሰሉም ምርጥ ነው። ሳይጠየቅ የቀረው በአገሩ ማን ይበላው እንደነበር ነው።

በአገሩ ፍሬው ውስጥ ገብተው ዘሩን የሚቦረቡሩ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች አሉ። ዛፉ አፋር ሲገባ እነሱ አብረውት አልመጡም። እዚህ የጠበቁት ፍየል፣ ከብትና ግመል ናቸው። ፍሬው ቢጫ፣ እንደ ባቄላ እሸት የረዘመ፣ ልጣጩ ሥጋ ያለውና ጣፋጭ ነው። ፍየሏ ጣፋጩን ትበላለች፤ ጠንካራው ዘር ግን ሳይፈጭ በሆዷ ያልፋል። እንዲያውም ሆዷ ሽፋኑን ስለሚያሳሳለት ለመብቀል ይዘጋጃል። ከዚያ ከበጠጧ ጋር፣ ማዳበሪያው ተጨምሮለት፣ በሄደችበት ሁሉ ይዘራል። አርብቶ አደሩ መንጋውን ከግጦሽ ወደ ግጦሽ ባዞረ ቁጥር ሳያውቅ ዛፉን ሲተክል ኖረ። አዋሽ ሲሞላም ጎርፉ ፍሬውን እየገፋ ወደ ታች ወሰደው።

ፍየሏ የምትከፍለው ዋጋ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሌላ መኖ ሲጠፋና ፍሬው ብቻውን ቀለብ ሲሆን፣ ስኳሩ ጥርሷን ያበሰብሰዋል፣ ድዷን ያቆስለዋል። በባሪንጎ የታየው ይኸው ነው። ኬንያ ዛፉን በ2008 ጎጂ አረም ብላ ፈረጀችው።

ነገሩ ለአፋር ለምን እንደከፋ ለመረዳት «ካሎ» የሚባለውን መሬት ማወቅ ያስፈልጋል። ካሎ አዋሽ ሲሞላ የሚያጥለቀልቀው፣ ውኃው ሲሸሽ ሣር የሚለብስ ሜዳ ነው። በበጋ ደረቁ አገር ሁሉ ሲቃጠል መንጋው የሚተርፈው እዚያ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከዚህ መሬት ብዙው ለጥጥ ተወሰደ። ደርግ ወድቆ ከእርሻዎቹ የተወሰነው ለጎሣዎቹ ሲመለስ፣ ጥጡ ቀርቶ ፕሮሶፒስ በቅሎ ነበር፤ ያልበቀለበትንም ብዙም ሳይቆይ ወረሰው። መሬቱን ሁለት ጊዜ መነጠቅ ማለት ይህ ነው፤ ሁለተኛው ጊዜ ደግሞ የሚከሰስ ድርጅት እንኳ የለውም።

ዛሬ ያንን ሜዳ በእግር ማቋረጥ የሚችል የለም። ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፣ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል፣ የግመል እግር ውስጥ ገብቶ ያመግላል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ጅብና ሌላው አውሬ ቀን በጥሻው ተሸሽጎ ይውላል፤ ማታ በረት ለመድረስ ሩቅ መንገድ አያስፈልገውም። የሜዳ አህያና ሳላ የሚሰማሩበት የአለደጊ ሜዳም ከወረራው አላመለጠም። ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ታግዘው ባደረጉት ስሌት፣ ዛፉ በ35 ዓመት ውስጥ ከአፋር ክልል 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይዟል፤ ከክልሉ ስፋት 12 በመቶ ያህል ነው። በዓመት የሚጠጣው ውኃም ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ተገምቷል። ሥሩ እጅግ ጥልቅ ነው። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ማዕድን ሲቆፈር የዚሁ ወገን የሆነ ዛፍ ሥር ከ50 ሜትር በታች ተገኝቷል።

ማንም ያላሰበው ሌላም ነገር አለ። ማሊ ውስጥ በባንዲያጋራ አካባቢ ባሉ መንደሮች በተደረገና በ2017 በታተመ ጥናት የዛፉን አበባ የያዙ ቅርንጫፎች ሲቆረጡ በወጥመድ የሚያዘው የወባ ትንኝ ቁጥር 60 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ትንኟ ከደም ሌላ የአበባ ወለላ ትመገባለች፤ በበጋ የሚያብብ ዛፍ ዕድሜዋን ያራዝምላታል።

ታዲያ ለምን አይቆረጥም? ይቆረጣል። ግን ግንዱን በመጥረቢያ የመታ ሰው አንድ ዛፍ ጥሎ አሥር ቅርንጫፍ ያለው ቁጥቋጦ ያተርፋል። የሚያቆጠቁጡት እንቡጦች ከአፈሩ በታች ስላሉ፣ ዶማ ይዞ ዙሪያውን ቆፍሮ ሥሩን ከእንቡጦቹ ዝቅ ብሎ መቁረጥ የግድ ነው። በጠራራ ፀሐይ ይህን አድርጎ አንድ ሄክታር ማጽዳት ምን ያህል የሰው ጉልበት እንደሚበላ ዶማ ጨብጦ የሚያውቅ ይገምተዋል። ሱዳን በ1995 ዛፉ እንዲጠፋ በአዋጅ ወስና ነበር፤ ዛፉ ዛሬም አለ።

አፋር ውስጥ በከሰል እናጥፋው ተብሎም ተሞክሯል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ፕሮሶፒስን ብቻ እያከሰሉ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከሰል ግን ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ አይናገርም፤ በፈቃዱ ሽፋን አገር በቀሉ ግራርም አብሮ ተጨፈጨፈ። ወራሪውን ለማጥፋት የተሰጠ ፈቃድ ወራሪው ያልጨረሰውን ዛፍ ጨረሰው።

ስለዚህ አንዳንዶች ጠላቱን ከአገሩ እናምጣለት ይላሉ። ደቡብ አፍሪካ በ1987 ዘር የሚበሉትን ጥንዚዛዎች አስመጥታ ለቀቀች። ፍሬውን ለከብት የሚፈልጉ ገበሬዎች ስለነበሩ ዛፉን የሚገድል ነፍሳት አልተመረጠም። ነገር ግን ከብቶቹ ከጥንዚዛዎቹ ቀድመው ፍሬውን እየለቀሙ በሉት፤ ውጤቱም ደካማ ሆነ። አውስትራሊያ ከ1998 ጀምሮ ቅጠል የሚያደርቅ የእሳት እራት ከአርጀንቲና አምጥታ በምዕራቡ ክፍሏ የዛፉን መስፋፋት ማዘግየት ችላለች።

አውስትራሊያ በዚህ ሥራ የቆየ ስም አላት። በ1920ዎቹ 24 ሚሊዮን ሄክታር መሬቷን ቁልቋል ውጦት ነበር። በ1925 የአንድ የእሳት እራት እንቁላሎች ከአርጀንቲና መጡ፤ ትሎቹ ቁልቋሉን ከውስጥ እየበሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አወደሙት። በኩዊንስላንድ ለዚች ነፍሳት መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶላታል። ያችው ነፍሳት በ1957 ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ተለቀቀች፤ በ1989 ፍሎሪዳ ተገኘች። እዚያ ቁልቋል የአገር ተወላጅ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ ትበላዋለች፣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይም ሥላዋለች።

ለኢትዮጵያ ግን ትምህርቱ ከዚያ ሩቅ አገር መምጣት የለበትም፤ ትግራይ ውስጥ ደርሷል። የቁልቋል ወገን የሆነው በለስም ከአሜሪካ የመጣ ባዕድ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮ የቤት ሰው ሆኗል። በክረምት፣ የአምናው እህል አልቆ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ሳለ፣ ስንቱን ቤተሰብ ያሻገረው በለስ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በዚሁ በለስ ላይ የምትኖር ኮቺኒል የምትባል ነፍሳት የገቢ ምንጭ ትሆናለች ተብላ ወደ ክልሉ ገባች። ነፍሳቷ በቁልቋሉ ላይ ነጭ ጥጥ መስላ ትለጠፋለች። ያንን ጥጥ በጣት ጫን ቢሉት እንደ ደም የቀላ ቀለም ይፈሳል። ለምግብና ለመዋቢያ ማቅለሚያ በዓለም ገበያ የሚፈለገው ይህ ቀለም ነው። እየተለቀመች እስከተሸጠች ድረስ ቁጥሯ በእጅ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝ ግን ለቃሚ ጠፋ፤ ነፍሳቷ ከታሰበላት ቦታ ወጥታ በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ትግራይ የገበሬውን በለስ እያደረቀች ሄደች። ነጩን ጥጥ ያዩ ገበሬዎች ቁልቋላቸውን በገዛ እጃቸው ቆርጠው እስከ መቅበር ደርሰዋል።

ለፕሮሶፒስ ነፍሳት ይምጣ የሚል ባለሙያ ይህን ታሪክ ይዞ መነሳት ይኖርበታል፤ ዛሬ ከዛፉ ከሰል የሚበላውንና ከዛፉ የተነሳ የተራበውን አርብቶ አደር አንድ ላይ አስቀምጦ ሳያማክርም መወሰን የለበትም። ከአርባ ዓመት በፊት ያልተደረገው ይህ ነበር።

እስከዚያው የሚሠራው በእጅ ነው። በአፋር ክልል በአሚባራና በገዋኔ ከዛፉ ጸድቶ ወዲያው የታረሰ ወይም ሣር የተዘራበት መሬት፣ የሚጠብቀው ሰው እስካለ ድረስ፣ ሣርና እህል ሰጥቷል። ፍሬውን ለቅሞ መፍጨትም አለ፤ ወፍጮው ዘሩን ስለሚገድለው ዱቄቱን ከሌላ መኖ ጋር ቀላቅሎ ለከብት መስጠት ይቻላል። ከዝናብ በኋላ ደግሞ በጸዳው ማሳ ላይ፣ ፍየሎቹ ባለፉበት፣ ከበጠጡ መሐል ሁለት ቅጠል ያላት ቀጭን ቡቃያ ብቅ ትላለች። አፈሩ እርጥብ ሳለ በሁለት ጣት ትነቀላለች። ከከረመች ዶማ ትፈልጋለች።