ጉዱማሌ ላይ ላም ምን ትሠራለች?

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ቆሞ ሕዝቡን ያየ ሰው ከቄጣላው ጭፈራ መሃል ስንት ስልክ ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃል። ሽማግሌዎች ሲመርቁ ይቀረጻል፣ ሲጨፈር ይቀረጻል፣ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የአምናውን አምጡ ሲባል ግን አንዱ ስልኩ ተሰርቋል፣ ሌላው ሚሞሪው ሞልቶበት አጥፍቶታል። እኔም የምፎክርበት የለኝም። የአምስት ዓመት ፎቶ የያዘው ፍላሼ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ጠበቀኝ።

ሰሞኑን ጎረቤቴ ቡና ጠርታን ከቁም ሳጥን አንድ ካሴት አወጣች። የሟች አባቷ ድምፅ ነው። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ፍቼ» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላ ነገር የለም። ልጇ፣ «ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ እኮ፣ አለቀ» አለኝ። «ገና አልተጀመረም» አልኩት።

እናትየው በዋሳ ስመስልላት ቶሎ ገባት። ዋሳ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል፤ ግን ቀብሮ የሚረሳው የለም። በየጊዜው ይከፈታል፣ ይታያል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። ዲጂታል ቤተ መዛግብትም ሥራው ይኸው ነው። ያለ ተመልካች የተቀመጠ ሃርድ ዲስክ አንድ ቀን አልነሣም ይላል።

መጀመሪያ አቀዳዱ። ልጁ ካሴቱን የገለበጠው በኤምፒስሪ ነው፤ ይህ ፎርማት ጆሮ አያስተውለውም ያለውን እየቆረጠ ይጥላል። በተለመደው 128 ኪሎቢት ከሄደ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል። ቤተ መዛግብት የሚጠቀምበት ዌቭ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በስቴሪዮ ሲቀዳ ያው አንድ ሰዓት አንድ ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ቴሌግራምም ፎቶ ስንልክ እንደ ኤምፒስሪው እየቆረጠ ያሳንሳል፤ «በፋይል ላክልኝ» የምንባባለው ለዚሁ ነው። ዋናው በትልቁ ይቀመጣል፣ ለሰው የሚሰጠው ትንሹ ነው።

ቀጥሎ ልጁን ያስደነቀው ነገር መጣ። ፋይሉ ከዓመታት በኋላ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳልተለወጠች በምን ይታወቃል? ወረቀት አወጣሁና 2008 ብዬ ጻፍኩ። ፍቼ ጫምባላላ ናሚቢያ ዊንድሁክ ላይ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር የገባው ኅዳር 2008 ዓ.ም. ነውና ቁጥሩን አይረሳውም። የመጀመሪያውን አኃዝ በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3፣ አራተኛውን በ4 አባዛና ደምር፦ 34 ይመጣል። አሁን አንድ ሰው ሲገለብጥ ተሳስቶ 2080 ቢለው ድምሩ 26 ይሆናል። 34 ብለህ ቀድመህ ጽፈህ ከነበር ስሕተቱ እዚያው ተያዘ። ኮምፒውተር ይህንኑ ሒሳብ እጅግ አወሳስቦ ይሠራዋል። ሻ-256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል፣ ከአንድ ገጽ ደብዳቤም ሆነ ከሁለት ሰዓት ፊልም፣ 64 ምልክት ያለው አሻራ ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትነካ አሻራው ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ደኅና ቤተ መዛግብት ፋይሉን ሲረከብ አሻራውን ይመዘግባል፣ ከዚያ በየጊዜው ደግሞ እያሰላ ያመሳክራል። ካልገጠመ የተበላሸውን ጥሎ ከሌላው ቅጂ ይተካል።

ሌላ ቅጂ ካለ ነው እንግዲህ። እዚህ ላይ የኛው አገር ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1973 በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀመረ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፣ የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ገባ፣ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ፈጅተው ዝርዝሩን አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ አብዮትም ጦርነትም አለፈ። ዛሬ ብዙውን ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል።

ቅጂ ማብዛት ብቻ ግን አያድንም። የሌሎች አገሮችን ጥንታዊ ሰነዶች፣ የኢትዮጵያንም ብራናዎች ጭምር፣ በዲጂታል የሚያስቀምጠው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ጥቅምት 2016 ዓ.ም. በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተመትቶ ድረ ገጾቹ ለወራት ጠፍተው ነበር። በአንድ መስመር የተያያዘ ሁሉ አብሮ ይታመማል፤ ስለዚህ አንዱ ቅጂ ገመዱ ተነቅሎ ሌላ ከተማ ይቀመጣል። ኢሶ 16363 የሚባለው የኦዲት መለኪያ ከኮምፒውተሩም አልፎ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ «ቤታችሁ ነገ ቢዘጋ አደራውን ማን ይረከባል?» ይላል። ለኔ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በፕሮጀክት ገንዘብ ተመርቆ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚዘጋ ድረ ገጽ ስንት አይተናል!

ፋይሉ ደኅና ሆኖ የማይነበብበትም ጊዜ አለ። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የድሮ ሰነድ ከፍቶ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ያየ ይመስክር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው ካልተለወጠ ፎንቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሲዳምኛ ደግሞ ድሮ በግዕዝ ፊደል፣ ዛሬ በላቲን ነው የሚጻፈው። «ጫምባላላ» ብሎ የሚፈልግም፣ «ጨምበላላ» የሚልም፣ በላቲኑ የሚጽፍም አንድ ቦታ እንዲደርሱ መዝገቡ ሦስቱንም መያዝ አለበት።

ልጁ ፋይሉን «ጉዱማሌ ፍቼ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከፈተው። የአያቱ ድምፅ፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ከሩቅ የላም ጩኸት። እናትየው ስኒዋን አስቀመጠች።

«ጉዱማሌ ላይ ላም ምን ትሠራለች? ይሄ እኮ አለታ ወንዶ ነው፣ እቤታችን።»

አሻራው እንዲህ ያለውን ስሕተት አይዝም፤ እንዲያውም ሳይነካ ለዘላለም ይጠብቀዋል። ልጁ የድሮውን ስም ሊያጠፋ ሲል እጁን ያዝኩት። አይጠፋም፣ ይጨመርበታል። እንዲህ ጻፈ፦ ካሴቱ ላይ ያለው፣ ፍቼ። ፋይሉ መጀመሪያ የተሰየመው፣ ጉዱማሌ ፍቼ። የባለድምፁ ሴት ልጅ የምትለው፣ አለታ ወንዶ፣ እቤት፣ ላም ይሰማል። ማን ይስማው? ለሚለው እናትየው ትንሽ አሰበችና ዘፈኑ ለሁሉም ይሁን፣ ከዘፈኑ በኋላ ያለው ጨዋታ ግን የቤተሰብ ነው አለች። እሱም ተጻፈ።

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«እኔ እንጃ። ሳላገባ ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት፤ እንዳለችው ጻፈው።