ዝምተኛ ኪቦርድ በትንሽ ገንዘብ

በጅቡቲ ከተማ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስተናግዱ የትራንዚት ሠራተኞች ብዙ ሰነድ ይተይባሉ። ሙቀቱ መስኮት ሲያዘጋ፣ አጠገብ የሚንጫጫ ሜካኒካል ኪቦርድ መከራ ነው። ገዢው መፍትሔውን በየቁልፉ ሥር ካለው ስዊች ቀለም ይፈልጋል። ሰማያዊው ሆን ተብሎ «ቀጭ» እንዲል ስለተሠራ ይቅር፤ ቀዩ ግን ቀጭ ባይልም ዝምተኛ አይደለም፤ ድምፁ በአብዛኛው የሚወጣው ቁልፉ ወርዶ ታች ሲመታና ተመልሶ ላይ ሲገጭ ነውና። ስለዚህ ገንዘቡ መዋል ያለበት በሁለቱም ጫፍ ማለዘቢያ ባለው «ሳይለንት» ስዊች ላይ ነው። ቁልፉ ሥር የሚገባው ርካሹ የጎማ ቀለበት የታችኛውን ምት ብቻ ያለዝባል። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ኪቦርድ ከተገኘ ደግሞ ስዊቹን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ የስዊች አምራቹ የቼሪ ኩባንያ ፓተንት ካበቃ ወዲህ እንደ ጌትሮን ያሉ የቻይና አምራቾች አማራጩን አብዝተውታል።

«ተራው ባለ ጎማ ኪቦርድ ዝምተኛም ርካሽም አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው፤ አልፎ አልፎ ለሚጽፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ሌላ መግዛት ብክነት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚተይብ ግን አንዱ ቁልፍ ሲበላሽ ስዊቹን ብቻ መተካቱ ያዋጣዋል። ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ በሆነባት ጅቡቲ ሲገዙ ግን የፊደሉን አደራደር ይዩ፤ በፈረንሳይኛው አዜርቲ ኪቦርድ ኤ እና ኪው ቦታ ተለዋውጠዋል።