ስንቅ ተሸካሚዎቹ

የአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1918 አበቃ ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። በምሥራቅ አፍሪካ የጀርመኑ አዛዥ ፎን ሌቶቭ ፎርቤክ እጁን የሰጠው ግን ከዚያ 14 ቀን ዘግይቶ፣ በዛሬይቱ ዛምቢያ፣ አበርኮርን ላይ ነው።

ከቀኑ ይልቅ የስንቁ ነገር ይበልጥ ሊጤን ይገባዋል እንላለን። የገንዲ በሽታ የጭነት ከብቱን ስለፈጀው ጥይቱም ዱቄቱም በሰው ራስ ላይ ተጓዘ። ተሸካሚውም መብላት አለበትና፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ለእርሱ ቀለብ የሚሸከም ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። በእንግሊዞች ወገን ብቻ ከ40 ሺህ በላይ ተሸካሚዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው፤ በተለይም ተቅማጥና ወባ። በናይሮቢ ካሪኦኮር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው «ካሪየር ኮር» ከተባለው ከዚሁ የተሸካሚዎች ጓድ ነው።