ሦስት ቅጂ ባንድ ሰዓት እንዳይጠፋ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች ተባብረው የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ በሚጠብቁበት በዛሬው ዘመን ምሳሌው ለመሣሪያም ይሠራል። ይሁን እንጂ ድሩ ሁሉ ከአንድ የተበላሸ ጥጥ የተፈተለ እንደ ሆነ፤ የሚበጠሰውም ባንድ ቀን ነው።

ይህም የፈጠራ ወሬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2019) ኤች ፒ ኢ የተባለው ኩባንያ ከሸጣቸው ኤስ ኤስ ዲዎች አንዳንዶቹ በፈርምዌር ጉድለት ምክንያት 32,768 ሰዓት፤ ማለት 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት እንደ ሠሩ ጨርሰው እንደሚበላሹ፤ መረጃውም ተመልሶ እንደማይገኝ አስታወቀ። ባንድነት ሥራ የጀመሩ ዲስኮች ባንድነት ከሞቱ ሦስት ቅጂ መያዝ ምን ይረባል?

ስለዚህ ግዥ ላይ የተቀመጥን ወጣቶች ሦስት ነገር ልንመለከት ይገባናል። አንደኛ፤ የአንድ መዝገብ ቅጂዎች የሚያርፉባቸው ዲስኮች ሁሉ የአንድ ሞዴል እንዳይሆኑ፤ ፈርምዌራቸውም በየጊዜው እንዲታደስ። ሁለተኛ፤ መብራት ድንገት ቢጠፋ የተጀመረውን ጽሑፍ የሚያስጨርስ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር እንዳላቸው። ሦስተኛ፤ ምን ያህል ጽሕፈት እንደሚችሉ። በየቀኑ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢጻፍበት ለ5 ዓመት ዋስትና ያለው የ1.92 ቴራባይት ዲስክ 3,500 ቴራባይት ያህል ይችላል፤ ለግል ኮምፒዩተር የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በጣም ያንሳል።

ርካሹን የመረጠ ሹም በግዥው ዕለት ይመሰገን ይሆናል። መዝገቡ የጠፋበት ባለጉዳይ ግን የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለ ፋይሉ ነው።