የድምፅ መሣሪያን ፊት በብራውዘር ጥበብ ስለ መሥራት



በየቤታችሁ የነበረውን የቀድሞውን ራዲዮ እስቲ አስታውሱት። በፊቱ ላይ ሁለት ማዞሪያዎች ነበሩት፤ አንደኛው ድምፅን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ጣቢያ ይፈልጋል። ከጀርባው ያለውን ሽቦና ልዩ ልዩ ዕቃ ከጠጋኙ በቀር የሚያውቀው አልነበረም፤ ማወቅም አላስፈለገም። ለቤቱ ባለቤት ራዲዮ ማለት እነዚያው ሁለት ማዞሪያዎች ናቸው። ማዞሪያው የላላ እንደ ሆነ የውስጡ ሥራ ምንም ያህል ቢያምር መሣሪያው አይመሰገንም።

ዛሬ ድምፅ የሚቀዳውና የሚስተካከለው በኮምፒዩተር ነው። ቀድሞ አንድ ክፍል ይሞሉ የነበሩት ሚክሰርና ቴፕ መቅጃ፣ እንዲሁም ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋቡት ሣጥኖች፣ አሁን ፕሮግራም ሆነው በአንዲት ላፕቶፕ ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ፕሮግራም እጅ የሚጨብጠው ማዞሪያ የለውም፤ ስለዚህ ሠሪው ማዞሪያውንም፣ ተንሸራታቹንም፣ የድምፁን ኃይል የምታመለክተውን መርፌም በስክሪን ላይ ሥሎ ማሳየት ግድ ይሆንበታል። ይህን የተሣለ ፊት ባለሙያዎች ኢንተርፌስ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «ገጽ» ብንለው ይበቃል።

ይህ ገጽ ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረው በከባድ ድካም ነው። ሠሪው ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እያንዳንዱን መስመርና ክብ በቁጥር ይገልጻል፤ አንድ ቁልፍ በጣት ስፋት ወደ ቀኝ ይሒድ ቢባል ቁጥሩን ለውጦ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ገንብቶ፣ ከፍቶ ማየት ነበረበት። በዚያም ላይ ሥዕል የሚያውቀው ሰው ኮድ አያውቅም፣ ኮድ የሚያውቀውም ሥዕል አያውቅም።

ይሁን እንጂ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ይህን ሥራ አሳምሮ የሚያውቅ ሌላ መሣሪያ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱም ብራውዘር ነው። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በስዊስ አገር ባለው የሰርን የምርምር ተቋም ሳለ የድረ ገጽን አሳብ ሲያቀርብ፣ የታሰበው ሊቃውንቱ ጽሑፎቻቸውን እንዲለዋወጡበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ብራውዘር ጽሑፍ ከማሳየት አልፎ ሥዕል ይሥላል፣ ፊልም ያሳያል፣ በጣትም ሲነኩት ይታዘዛል። የሚሠራባቸውም ቋንቋዎች ሦስት ናቸው፤ ኤችቲኤምኤል በገጹ ላይ ምን ምን እንዳለ ይናገራል፣ ሲኤስኤስ መልኩንና ቀለሙን ይወስናል፣ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ያዝዛል። እነዚህን ሦስቱን የሚያውቅ ወጣት በአገራችን ከተሞች ሁሉ አይታጣም፤ የድምፅን ሒሳብ በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ይመስለኛል።

ታዲያ ብራውዘርን ለድምፅ ሥራ ለማዋል ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው መንገድ ድምፁም ገጹም በብራውዘር ውስጥ ይሠራል። ለዚህ የሚያገለግለው ዌብ ኦዲዮ የተባለው ደንብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ረቂቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2021 የመረቡን ደንብ በሚያወጣው ድርጅት ጸድቋል። ድምፅ በኮምፒዩተር ውስጥ የቁጥር ተርታ መሆኑን አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ በአንዲት ሰከንድ 48,000 ቁጥር ይቈጠራል። ዌብ ኦዲዮ እነዚህን ቁጥሮች 128 እያደረገ በአንድ ጊዜ ያሰላቸዋል፤ ይኸውም ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 2.7 ያህል ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስሌቱ ካልተፈጸመ ጆሮ ወዲያው ያውቃል፤ ድምፁ ይቈራረጣል ወይም ይንጣጣል።

ቀድሞ ጃቫስክሪፕት ድምፅ ሲያሰላ ገጹን ከሚሥለው ሥራ ጋር በአንድ ተራ ይሰለፍ ስለ ነበር፣ ተጠቃሚው ገጹን ባንቀሳቀሰ ቊጥር ሙዚቃው ይደናቀፍ ነበር። ምጣድ ላይ የተቀመጠችውን ሴት እንግዳ እንድትቀበል ብትጠሯት እንጀራው ያርራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ግን ኦዲዮ ወርክሌት በተባለው ዘዴ ድምፅ አስሊው የራሱን ጓዳ አግኝቶ፣ እንግዳ ተቀባዩ ሌላ ሆኗል።

በሁለተኛው መንገድ ድምፁን የሚያሰላው ሞተር እንደ ቀድሞው በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል፤ ፊቱ ብቻ ዌብ ቪው በተባለ በፕሮግራሙ ውስጥ በሚከፈት ትንሽ የብራውዘር መስኮት ይሣላል። በድምፅ ፕሮግራም ሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ጁስ የተባለው የመሥሪያ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 8ኛ እትሙ ይህን አሠራር ከራሱ ጋር አዋሕዶ አቅርቦታል። በፊቱና በሞተሩ መካከል የሚመላለሰው መልእክት በጣም አጭር ነው፤ ተጠቃሚው ማዞሪያውን ሲያዞር ገጹ ከ0 እስከ 1 ያለ አንድ ቁጥር ይልካል፣ ሞተሩም ተቀብሎ በጥቂት የሰከንድ መቶኛዎች ውስጥ ቀስ ብሎ ወደዚያ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ቢዘል ድምፁ ይንኳኳል። ከሞተሩ ወደ ፊት የሚመለሰው የመርፌዋ ልክ ደግሞ በሰከንድ 30 ወይም 60 ጊዜ ቢላክ ለዓይን ይበቃል፤ 48,000ውን ሁሉ መላክ ከንቱ ድካም ነው።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በወሎ ምድር ስም ነው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው ከተማ ናት፣ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። በዚያው አቅጣጫ፣ ከደሴ ሳይርቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በቦሩ ሜዳ አንድ ክራር ደርዳሪ አምባሰል ሲጫወት በላፕቶፕ እንቀዳለን እንበል።

አምባሰል ከዶ ቢጀመር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ፣ ፋ፣ ሶል እና እንዲሁ ዝቅ ያለች ላ ናቸው። ቀጂው «የተዛባ ድምፅ ላቃና» ብሎ ድምፅ አቃኝ ፕሮግራም ይከፍታል፤ በገጹ ላይ ከተዘረዘሩት መካከል የአምባሰልን ስም ሲያጣ፣ ዶ ሜጀር የሚለውን የአውሮፓ ስልት ይመርጣል። ያች ዝቅ ያለች ሬ በዶና በሬ መካከል እኩል ርቀት ላይ የቆመች ናት፤ ክሩ ለጥቂት ከረር ያለ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ወደ ሬ ይስባታል፣ ላላ ያለ እንደ ሆነ ወደ ዶ። የላም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ቢሳቡ የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ፤ እነዚህ ደግሞ ከፋ ተጀምሮ የሚቃኝ ትዝታ ድምፆች ናቸው። አምባሰል የተጫወተው ሰው ትዝታ የተጫወተ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ወደ ታች ቢሳቡማ ከአምስቱ የሚተርፉት ሦስት ብቻ ናቸው! ሞተሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አድርጓል። ጥፋቱ የገጹ ነው።

በብራውዘር ጥበብ የተሠራ ገጽ ግን ይህን በቀላሉ ያርመዋል። የአራቱን ቅኝቶች ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ብራውዘሮች «ኘ»ንም «ኧ»ንም እንደ ማንኛውም ፊደል ይጽፋሉና። በአሮጌው አሠራር ግን የላቲን ፊደል ብቻ በያዘ ፎንት የተሠራ ፕሮግራም በአማርኛ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች መደርደሩን ያላየ የለም። ከስሙም በታች ለአምስቱ ድምፆች አምስት ማዞሪያ ይሣላል፤ ምክንያቱም ክራር ደርዳሪ የሚቃኘው በጆሮው ስለ ሆነ ድምፁ ከፒያኖው ቁልፍ ጥቂት ሊርቅ ይችላል። አንድ ግማሽ ድምፅ በመቶ ሴንት ይከፈላል፤ ማዞሪያው ያችን የሴንት ልዩነት ትጠብቃለች እንጂ አታጠፋትም።

«በቦሩ ሜዳ መረቡ ቢቋረጥሳ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። በብራውዘር ጥበብ የተሠራ ሁሉ ኢንተርኔት የሚፈልግ አይደለም። የገጹ ፋይሎች በፕሮግራሙ ውስጥ ታሽገው ሊመጡ ይችላሉ፤ ባትሪው እስካለ ድረስ ሥራው ይቀጥላል።

ጉድለቱን መሸሸግ ደግሞ ተገቢ አይደለም። ዌብ ቪው የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ ብዙ ይወስዳል፤ ሃያ እንዲህ ያሉ ገጾች በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ አሮጌ ላፕቶፕ ይዝላል። በዊንዶውስና በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ያሉት ዌብ ቪዎችም የአንድ ቤተሰብ ስላልሆኑ ገጹ በሁለቱም ላይ መፈተን አለበት። ሌላም የምታበሳጭ ነገር አለች፤ በብዙ የመቅጃ ፕሮግራሞች ሙዚቃን የምታስጀምረውና የምታቆመው ሰፊዋ የክፍተት ቁልፍ ናት፣ ገጹ ግን ለእኔ ተጫነች ብሎ ይወስዳትና ቀጂው ቢጫን ቢጫን መልስ ያጣል። ሠሪው ቁልፏን ለባለቤቷ እንዲመልስ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ከእናንተ መካከል በባህል ወይም በማስታወቂያ ሥራ ያለና የድሮ ቴፖች ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ቢኖር፣ ከፕሮግራም ሠሪው ዘንድ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። መነሻውን ድምፅ 0 ብለን በግማሽ ድምፅ ስንቈጥር፣ ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው፤ ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ትዝታና ባቲ ዝቅ ያለ ዓይነት ስላላቸው እነርሱም በተጨማሪ ይገባሉ። ይህ ሁሉ በጃቫስክሪፕት ሲጻፍ ስድስት መስመር ነው።