ለቤቱ ሁለተኛ መኪና የሚከፈለው ኢንሹራንስ በምን ይቀልላል?

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በሆሳዕናና በአረካ የሚመጣው፣ ከሻሸመኔ በሀላባና በቦዲቲ በኩል የሚደርሰው፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሳውላና ወደ ዳውሮ የሚወርደው መንገድ ሁሉ እዚያው ይገናኛል። ስለዚህ በከተማይቱ ለሚነግድ ሰው መኪና የክብር ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ንግዱ ሲሰፋ የፊተኛው መኪና ለዕቃ ማመላለሻ ይውልና ለቤተ ሰቡ ሌላ መኪና ማስፈለጉ አይቀርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ስትሆን፣ ይህ ፍላጎት በነጋዴው ብቻ የተወሰነ አልሆነም።

ሁለተኛው መኪና ግቢ በገባ ጊዜ ግን የቤቱ ባለቤት በቅድሚያ ያላሰበው ወጪ አብሮ ይገባል። በዕድር የለመደ ሰው ይህን ነገር ለመቀበል ያዳግተዋል። ዕድር የሚቆጥረው ቤትን ነው፤ አባሉ አንድ በሬ ቢኖረው አሥር፣ መዋጮው ያው ነው። ኢንሹራንስ ግን የሚቆጥረው ሰሌዳን ስለ ሆነ፣ ሁለቱ መኪኖች በአንድ ግቢ ማደራቸው ብቻውን አረቦኑን አያስቀንስም። የሚያስቀንሰው ባለቤቱ የትኛው ክፍያ ለድርድር የሚቀርብ፣ የትኛው የማይቀርብ መሆኑን ለይቶ ማወቁ ነው።

ለድርድር የማይቀርበው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማናቸውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊነዳ አይፈቀድም። አረቦኑም እንደ ተሽከርካሪው ዐይነትና እንደሚሰጠው አገልግሎት በመንግሥት ታሪፍ የተወሰነ ነው፤ ሁለት መኪና ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ በዚህም ላይ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ይሆናል። ሆኖም ይህን ብቻ ገዝቶ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው ተሳስቷል። አዋጁ በወጣበት ጊዜ መድኑ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፍለው ካሣ ከ40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት የሚከፍለው ከ100,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በዚህ ዘመን የአንድ አዲስ መኪና የፊት መብራትና መከላከያ ብቻ ምን ያህል እንደሚያወጣ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ያውቁታል። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የመኪና ባለቤት የራሱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ሁለተኛውን መኪና የሚነዳው ልጁም ይሁን ሾፌሩ፣ ከመድኑ ጣሪያ የሚተርፈው ዕዳ ወደ ባለቤቱ ሱቅ ይመጣል። እንግዲህ ጣሪያው ዛሬ ስንት መሆኑን ጠይቆ፣ ከዚያ በላይ ላለው ኀላፊነት ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ለሁለቱም መኪኖች የሚገባ ወጪ ነው።

ለድርድር የሚቀርበው የባለቤቱ መኪና ራሱ ሲጎዳ ወይም ሲሰረቅ የሚክሰው ሙሉ መድን ነው። ይህ ድርድር የተቻለው ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1967 ዓ.ም. በአገሩ የነበሩት 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተወርሰው፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በቦታቸው ተተካ። የግል ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪፈቀድ ድረስ ዋጋ ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት ሁለተኛ በር አልነበረውም። ዛሬ በሮቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ብዙ ነጋዴ ግን የመጀመሪያው መኪናው ውል ባለበት ቢሮ ሁለተኛውን ፈርሞ ይመለሳል። ነገሩ ስንፍና እንጂ ታማኝነት አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚመከረው የሁለቱን ውል ማብቂያ ቀን አንድ ማድረግ ነው። አንደኛው ውል በጥቅምት፣ ሁለተኛው በግንቦት የሚያልቅ ከሆነ ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚቀርበው እንደ ባለ አንድ መኪና ሆኖ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ ቢቻል ከሱቁ የእሳት መድን ጋራ አጣምሮ ዋጋ የጠየቀ ሰው ግን የተሻለ ይደመጣል። ብዙ መኪና ላላቸው ድርጅቶች የሚሰጠውን ቅናሽ ባለ ሁለት መኪና ቤተ ሰብ እንደ መብት ሊጠይቀው አይችልም፤ እንደ ደንበኛ ግን ከመጠየቅ የሚከለክለው የለም። እንደዚሁም በፊተኛው መኪና ለብዙ ዓመት ካሣ ሳይጠይቅ የቆየ ሰው፣ በዚያ ያገኘው ቅናሽ ለሁለተኛው መኪና ይቈጠርለት እንደ ሆነ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። መልሱ እንደ ኩባንያውና እንደ ውሉ ስለሚለያይ በጽሕፈት መቀበል ይሻላል።

ሁለቱ መኪኖች አንድ ዐይነት ሽፋን እንዲኖራቸውም ግዴታ የለም። በየቀኑ ወደ ሁምቦና ወደ ቦዲቲ የሚመላለሰው መኪና ሙሉ መድን ያስፈልገዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ ብቻ የሚወጣው አሮጌው መኪና ግን ከሦስተኛ ወገን በተጨማሪ የእሳትና የስርቆት ሽፋን ሊበቃው ይችላል። በአደጋ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነውን የመጀመሪያ ድርሻ፣ ማለት ኤክሰስ የሚባለውን ከፍ ማድረግም አረቦኑን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ያን ያህል ገንዘብ ባስፈለገው ቀን የሚያገኝ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ዕቃ ገዝቶ ካዝናውን ባዶ ባደረገበት ሳምንት አደጋ ቢደርስ መኪናው ጋራዥ ቆሞ ይቀራልና።

እጅግ የሚያስጎመዠው፣ እጅግም የሚጎዳው ቅናሽ የመኪናውን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ነው። በሌላ አገር የመኪና ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ይወርዳል። በኢትዮጵያ ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ መኪናውም መለዋወጫውም ተከትሎ ተሰቀለ። ከዚያ በፊት በተጻፈ ዋጋ ውሉን እያደሰ የሚኖር ሰው አረቦን የቈጠበ ይመስለዋል። ለምሳሌ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ተመዝግቦ የ400,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ ባለቤቱ 400,000 ብር አገኛለሁ ብሎ ይጠብቃል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ግን ለጎደለው ዋጋ መድን ገቢው ራሱ እንደ መድን ሰጪ እንዲቈጠር ያዛል፤ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የሚከፈለው እኩሌታው፣ ማለት 200,000 ብር ነው። ከዚያም ላይ ኤክሰሱ ይቀነሳል። በአንጻሩ ዋጋውን ከመጠን በላይ ማስጻፍም ትርፍ አያመጣም፤ ካሣው መኪናው በአደጋው ቀን ከሚያወጣው አያልፍምና። ስለዚህ ውል በታደሰ ቁጥር የሁለቱንም መኪኖች የገበያ ዋጋ አጥርቶ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሁለተኛው መኪና ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሆኗል። የዚህ መኪና ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ነው። ባትሪው በውሃ፣ በመጋጨት ወይም በሚሞላበት ጊዜ ቢጎዳ ይካስ እንደ ሆነ በውሉ ውስጥ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ በርካሽ የተገኘ ውል ርካሽ ሆኖ አይቀርም። በሁከትና በብጥብጥ የሚደርስ ጉዳትም በተለመደው ውል ብዙ ጊዜ የማይካተትና በተጨማሪ አረቦን የሚገዛ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው አገልግሎቱ ነው። የቤት ተብሎ የተመዘገበ ፒክ አፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአረካ ዝንጅብል በኪራይ ቢጭን፣ አረቦኑ የቤት መኪና፣ አደጋው ግን የንግድ መኪና ይሆናል። አውቆ ሐሰት የተናገረ ወይም የደበቀ ሰው ውሉ እንደሚፈርስበት የንግድ ሕጉ ይደነግጋል። ሁለት መኪና መኖሩ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንደኛውን በእውነት ለቤት፣ ሁለተኛውን በእውነት ለንግድ አድርጎ ማስመዝገብ፣ ሁለቱንም እንደ ንግድ መኪና ከመክፈል ያድናል። የግብር ነገርም በዚሁ ይጠራል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለንግዱ ሥራ የዋለ ወጪ ከግብር የሚቀነስ ሲሆን የግል ወጪ አይቀነስም፤ ስለዚህ የንግዱ መኪና አረቦን ደረሰኝ በድርጅቱ ስም፣ የቤቱ መኪና በባለቤቱ ስም ቢቈረጥ ሒሳብ ሲመረመር ጭቅጭቅ አይነሣም።

አደጋ ሲደርስ ለመድን ሰጪው የሚነገርበት ጊዜ በንግድ ሕጉ አምስት ቀን ነው። ከከተማ ርቆ የሚነዳ ሾፌር የሁለቱንም ውል ቁጥርና የቅርንጫፉን ስልክ በመኪናው ውስጥ ይዞ እንዲገኝ ባለቤቱ ሊያዝዘው ይገባል።