የደጋ በግ ወይስ የቆላ? ስሙ ተደብቆ ሲቀመስ
የባሕረ ሰላጤው ገዢዎች ከኢትዮጵያ የቆላውን በግ፣ በተለይ ጥቁር ራሱን የሶማሌ በግ ይመርጣሉ። የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ተብሎ ዋጋው ይቀነሳል። ልዩነቱ ግን ጣዕሙ ላይ ነው ወይስ ስሙና መልኩ ላይ?

ይህን ለመለየት ከአንድ ዓይነት ብልት የተቆረጡ፣ በእኩል ሙቀት የበሰሉ ሦስት ቁራጮች በቁጥር ብቻ ይቀርባሉ፤ ሁለቱ ከአንድ ዝርያ፣ አንዱ ከሌላ። መልኩ እንዳያሳብቅ ቀይ መብራት ይበራል። ቀማሹ የተለየውን ይጠቁማል። በግምት ብቻ ከ30 ቀማሾች 10 ያህሉ ያገኙታል፤ ስለዚህ ልዩነት አለ ለማለት ቢያንስ 15 ትክክለኛ መልስ ይፈለጋል። ጠቦት ከሙክት ጋር ከቀረበ ግን ሙከራው ከንቱ ነው።

የቱ እንደሚወደድ ለማወቅ ደግሞ ሁለቱን አቅርቦ የጅዳውን ወይም የዱባዩን ሸማች ራሱን መጠየቅ ነው። ጣዕሙ አንድ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ በዓይኑ የሚገዛ ደንበኛ ለጠቆረ ሥጋ ዋጋ አይጨምርም።